አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ክትባትና «የግንዛቤ እጥረት»

በጤና ጉዳይ የተጠራ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው አንዲት ሐረግ ሳይሰማ አይወጣም፦ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት»። የወረዳው ሪፖርት ላይ አለች፤ የክልሉ ዕቅድ ላይ አለች፤ በለጋሾች ሰነድ ላይም በሌላ ቋንቋ ተጽፋ አለች። የክትባት ዘመቻ የታቀደለትን ያህል ሰው ሳያገኝ ሲቀር «ያጋጠሙ ችግሮች» ከሚለው ርዕስ ሥር ቀድማ የምትሰፍረው እሷ ናት። መፍትሔውም ተከትሏት ይመጣል፦ ግንዛቤ ማስጨበጫ። ሞንታርቦ የጫነ መኪና፣ ፖስተር፣ የዘመቻ ቲሸርት፣ በሬዲዮ የአንድ ደቂቃ መልእክት።

ሐረጓ ስትፈታ የምትለው ይህን ነው፦ መድኃኒቱ ነበረ፣ ባለሙያው ነበረ፣ የጎደለው የሕዝቡ ዕውቀት ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ይህ አስተሳሰብ ማንም የማይከራከርበት እውነት መስሏል። ሊከራከሩት ግን ይገባል። የመከተብ ፈቃደኝነት ሰው ከቤቱ ይዞት የሚወጣ ጠባይ አይደለም። ክትባቱ መቼ መጣ? ማን አመጣው? እስከ ማን ደጅ ደረሰ? ያመጣው አካል ከዚህ በፊት ቃሉን ጠብቋል ወይ? ፈቃደኝነት የሚገነባውም የሚፈርሰውም በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። መልሱ የሚገኘው ደግሞ ክትባቱን በሚሰጠው ወገን እጅ ነው። ተቀባዩን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው።

መጀመሪያ ሕዝቡ ራሱ ምን እንዳለ ይሰማ። ክትባቱ ገና አፍሪካ ሳይደርስ፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ 2020 ባሉት ወራት፣ የአፍሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል ከለንደን የሥነ ንጽህናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር በ15 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር። ደኅንነቱና ፈዋሽነቱ የተረጋገጠ ክትባት ቢመጣ ይወስዱታል ወይ? ከመቶው 79ኙ «አዎ» አሉ። ከአገሮቹ ሁሉ በላይ የተቀመጠችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከመቶ 94። ዝቅተኛው መልስ የተሰማው በዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከመቶ 59ኙ ፈቃደኞች ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ኔቸር ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን የእስያ፣ የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ አገሮች ከአሜሪካና ከሩሲያ ጋር አነጻጸረ። በድሃዎቹ አገሮች ክትባቱን እቀበላለሁ ያለው በአማካይ ከመቶ 80.3 ነበር። በአሜሪካ 64.6፣ በሩሲያ ደግሞ 30.4። ሩሲያ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግርባት አገር ናት። በነሐሴ 2020 ስፑትኒክ ቪን መዝግባ የኮሮና ክትባት በማጽደቅ ከዓለም የቀደመችውም እሷ ናት። ዕውቀትና ፈቃደኝነት አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ቢሆኑ ኖሮ የሩሲያና የኢትዮጵያ ቁጥሮች ቦታ መለዋወጥ ነበረባቸው።

እርግጥ ለጠያቂ «አዎ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ እጅጌ ሰቅሎ መሰለፍ ሌላ ነው። በኢትዮጵያም ከዚያ በኋላ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች ዝቅ ያለ ቁጥር አሳይተዋል፤ ጥቂቶቹም የተደረጉት በጤና ባለሙያዎች መካከል ነው። ይህ የመጨረሻው ግኝት ግን «ግንዛቤ» ባዮችን የሚረዳ አይደለም። ክትባት ምን እንደሆነ ሲማር የኖረ ነርስ ካመነታ ያቺ ሐረግ ለእሱ ምን ትላለች? ለእሱ ግንዛቤ ማስጨበጫ የሚያዘጋጅለትስ ማን ነው?

ቁም ነገሩ ከ94ቱ በኋላ ባሉት ወራት የሆነው ነው።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ያን ሰሞን ፍርሃቱ ከባድ ነበር፤ መንገዱ ጭር ያለበት፣ ሰው ከሰላምታ የሸሸበት ወቅት ነው። የዚያን ዕለት ክትባት ቢኖር ሰልፉ ከሆስፒታል በር አልፎ አስፋልት ይወጣ ነበር። ክትባት ግን አልነበረም። ሲኖርም መጀመሪያ የሄደው ወደ ሀብታሞቹ ነው። በጥር 2021 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለድርጅቱ ቦርድ ያቀረቡት ንጽጽር ታሪክ የማይረሳው ነው፦ ቢያንስ በ49 ባለጸጋ አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ መርፌ ተሰጥቷል፤ ከድሃዎቹ አገሮች ተርታ ግን በአንዲት አገር ብቻ፣ 25 መርፌ። ሺህም ሚሊዮንም የለበትም፤ ሃያ አምስት።

የመጀመሪያው ጭነት ቦሌ የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ክትባትን ለአገሮች ለማዳረስ በተቋቋመው በኮቫክስ በኩል የመጣ፣ ሕንድ ውስጥ የተመረተ 2 ሚሊዮን 184 ሺህ የአስትራዜኔካ መርፌ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር። ክትባቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በይፋ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን ነበር፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ ዓመቱ። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ መጋቢት 6 ቀን፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ያንኑ የአስትራዜኔካ ክትባት ከደም መርጋት ጋር በተያያዘ ሥጋት ለጊዜው አቆሙት። ዴንማርክ ከእነሱ ቀድማ አቁማው ነበር። ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ ሰዓታት አልፈጀበትም። ፍራንክፈርት ያለች እህት ትደውላለች፤ ሮም ያለ ወንድም በቴሌግራም ይልካል። «እኛ ዘንድ ያቆሙትን ነው እናንተን የሚወጓችሁ?» ይህን ሰምቶ ቀጠሮውን «ትንሽ ልየው» ብሎ ያዘገየ ሰው መሃይም ነው ሊባል አይችልም። የጀርመን የጤና ሚኒስቴር ራሱ ያደረገው ያንኑ ነው፤ ትንሽ ልየው ብሎ አቆመ። በቀናት ውስጥ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ብሎ ብዙዎቹ አገሮች ዳግም ጀመሩ። የመቆሙ ዜና በሁሉ ስልክ ገብቶ ነበር፤ የመጀመሩን ዜና ግን በዚያው ፍጥነት ያደረሰው አልነበረም።

አምነው የተወጉትስ ምን ገጠማቸው? አስትራዜኔካ ሁለተኛ መርፌ ይፈልጋል። ሕንድ ዴልታ በተባለው የኮሮና ዝርያ ማዕበል ስትመታ ምርቷን ለራሷ ያዘች፤ የሕንዱ አምራች ሴረም ኢንስቲትዩት ለኮቫክስ ዳግም መላክ የጀመረው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። ካርዱን ይዞ ለሁለተኛው መርፌ የሄደ ሰው «አልገባም፣ ሌላ ቀን ና» ተባለ። እዚህ ላይ ቃሉን ያጠፈው ተቀባዩ አልነበረም።

በዚያው ክረምት የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል የጉዞ ሰርተፊኬቱን ሲጀምር ሕንድ የተመረተው አስትራዜኔካ፣ ኮቪሺልድ የተባለው፣ በኅብረቱ ተቆጣጣሪ በጸደቁት ውስጥ አልተካተተም ነበር። በመስከረም 2021 ደግሞ ብሪታንያ ባወጣችው የጉዞ ሕግ በአፍሪካ አገሮች የተሰጠ ክትባት እንደ ክትባት አልተቆጠረም። ለንደን ላይ የተወጋው «የተከተበ» ተባለ፤ ያንኑ ቀመር ኤካ ኮተቤ ላይ የተወጋው «ያልተከተበ» ተባለ። ክትባቱን የላኩት አገሮች ራሳቸው ላልቆጠሩት መርፌ ተቀባዩ እንዴት ሙሉ እምነት ይስጥ?

ማላዊ ላይ የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በመጋቢት 2021 በአፍሪካ ኅብረት በኩል የደረሳት ክትባት ጊዜው ሊያልፍበት 18 ቀን ቀርቶት ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ወደ ጣቢያዎቹ መምጣት ተወ፤ ያረጀ መድኃኒት ሊወጉን ነው አለ። መንግሥት በግንቦት ወር ጊዜ ያለፈባቸውን 19,610 መርፌዎች በአደባባይ አቃጠለ። የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት የሰጡት ምክንያት ሊጤን የሚገባው ነው፦ ያቃጠሉት ጊዜው ያለፈበት ክትባት ለማንም እንደማይሰጥ ሕዝቡ በዓይኑ እንዲያይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ አታቃጥሉ ብሎ ነበር፤ ኋላ ምክሩን ለወጠ። ናይጄሪያም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አቡጃ አጠገብ 1,066,214 መርፌዎችን አስወገደች፤ እነሱም የመጡት ዕድሜያቸው ሊያልቅ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነበር። ከሩቅ ሆኖ ያየ «አፍሪካውያን ክትባት ጣሉ» ብሎ ጻፈ።

በኢትዮጵያ ነገሩ የተለወጠው ክትባቱ ራሱ ሲመጣ ነው። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዘመቻው ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቀበሌና ወደ ገበያ ሄደ፤ በአንድ መርፌ የሚያበቃው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባትም በብዛት ገባ። በጥቂት ሚሊዮን ይቆጠር የነበረው የተከታቢ ቁጥር ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ወደ አሥር ሚሊዮኖች አሻቀበ። በእነዚያ ወራት የሕዝቡ የትምህርት ደረጃ አልተቀየረም፤ አሉባልታውም አልጠፋም፤ እንዲያውም ክትባቱ የአውሬው ምልክት ነው የሚለው ወሬ ያኔም ይናፈስ ነበር። የተቀየረው ብልቃጡ የሚገኝበት ርቀት ነው።

በጦርነት ውስጥ የነበሩ አካባቢዎች ግን ይህም አልደረሳቸውም። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 አጋማሽ እስከ መጋቢት 2021 መጀመሪያ በትግራይ ካያቸው 106 የጤና ተቋማት በአግባቡ ይሠሩ የነበሩት ከመቶ 13ቱ ብቻ ነበሩ። ጤና ጣቢያው ለተዘረፈበት ሰው ስለ ፈቃደኝነት ጥያቄ ማቅረብ ራሱ ነውር ነው።

የኮሮናው ታሪክ ድንገተኛ ከመሰለ በየሳምንቱ የሚሰጠው የልጆች ክትባት ያንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች ሁሉንም መሠረታዊ ክትባቶች ያገኙት ከመቶ 39 ነበሩ። ምንም ያላገኙት 16። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይልቅ ግን የሚያስተምረው ሌላ ነው፦ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት የመጀመሪያ ዙር ያገኙት ከመቶ 73 ሲሆኑ ሦስተኛውን ያገኙት 53 ናቸው። በመካከሉ ከጎደሉት ከሃያዎቹ አንዷ የሆነችው እናት ማን ናት? አንድ ጊዜ ልጇን አዝላ የመጣች፣ ሲወጋ ያባበለች፣ ካርድ የተቀበለች ሴት ናት። ክትባት አላውቅም አላለችም፤ አልፈልግም አላለችም። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ባለው መንገድ ላይ አንድ ነገር ገጥሟታል።

ምን ሊገጥማት እንደሚችል ጤና ኬላ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። የኩፍኝን ክትባት ለምሳሌ እንውሰድ፤ በዱቄት መልክ በብልቃጥ ይመጣል፤ በማሟሟያው ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ አንዱ ብልቃጥም ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጆች ነው። ሁለት እናቶች ብቻ ከመጡ ባለሙያዋ ትቸገራለች፤ ከከፈተችው የስምንት ልጆች ክትባት ይደፋል፣ ለብክነቱም ትጠየቃለች። ስለዚህ «ልጆች ሲሞሉ እንከፍታለን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ትላለች። እናቲቱ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ፣ ሌላውን ልጅ ለጎረቤት ትታ፣ የገበያ ቀኗን ሠውታ የመጣች ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ባትመጣ ምን ይፈረድባታል? ሪፖርቱ ግን የተዘጋውን ብልቃጥ አይጽፈውም። «አቋራጭ» ብሎ የሚጽፈው እሷን ነው።

በዚያው ጥናት በአዲስ አበባ ሙሉ ክትባት ያገኙት ልጆች ከመቶ 89፣ በአፋር 15 ነበሩ። የአፋር እናት ልጇን ከአዲስ አበባዋ እናት ያነሰ አትወድም። የምትኖረው ከብቶቿ ውኃና ሣር በሚያገኙበት ነው፤ ጤና ኬላው የቆመው ደግሞ በአንድ ቦታ ነው። ክትባቱ እሷን ተከትሎ መሄድ ሲገባው እሷ ክትባቱን ተከትላ አልሄደችም ተብላ ተወቀሰች።

ክትባቱ ሲመጣ ሕዝቡ የሚያደርገውን ለማየት ደግሞ 2012 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። ኮሮና አገር ባስጨነቀበት ክረምት፣ ከቤት አትውጡ በሚባልበት ጊዜ፣ ኢትዮጵያ የኩፍኝ ዘመቻ አካሄደች፤ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ተከተቡ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የወጡት ሽፍታውንና ትኩሳቱን ስለሚያውቁት፣ ከሚያውቋት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጅ ስለሆነ፣ ቦታውም ቅርብ ስለሆነ ነው።

ክርክሩ እዚህ ሲደርስ አንድ መልስ ይሰነዘራል፦ «እሺ፣ አቅርቦት ይጎድላል። ግን ቀርቦላቸውም እምቢ የሚሉ አሉ፤ እነሱስ?» አሉ። በየአገሩ አሉ። እምቢታቸው ከባዶ ተነስቷል ብሎ ማለፍ ግን ታሪክን አለማንበብ ነው።

በሰሜን ናይጄሪያ፣ ካኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ማጅራት ገትር ሕፃናትን ሲጨርስ ፋይዘር ትሮቫን የተባለውን አዲስ መድኃኒት 200 ያህል ሕፃናት በተሳተፉበት ሙከራ ፈተሸ። 11 ሕፃናት ሞቱ። ኩባንያው የገደላቸው በሽታው ነው ብሎ ተከራከረ፤ በ2009 ግን ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘጋ። ከሙከራው ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ የፖሊዮ ጠብታ የያዙ ሰዎች የካኖን በሮች አንኳኩ። የሃይማኖት መሪዎችና ፖለቲከኞች ጠብታው ያመክናል አሉ፤ ግዛቱም ክትባቱን ለ11 ወራት ያህል አቆመ። ማምከኑ ሐሰት ነበር። ፍርሃቱ ግን መሠረት ነበረው፤ ወላጆቹ ባዕድ መድኃኒት በልጆች ላይ ሲሞከር አይተዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

የዚያ አለመተማመን ዋጋ ካኖ ላይ አልቆመም። ቫይረሱ ከሰሜን ናይጄሪያ ወደ ጎረቤት አገሮች፣ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳንም በ1997 ዓ.ም. ከፖሊዮ ነጻ ሆና ዓመታት ወደቆየችው ኢትዮጵያ ገባ። አንድ ኩባንያ ካኖ ላይ ያጎደለው እምነት በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የኢትዮጵያን ልጆች እግር አስከፈለ። ችግሩ የተፈታውስ በሞንታርቦ ነው? አይደለም። ክትባቱ ዳግም ተመረመረ፤ የካኖ ሰዎች ከሚያምኗት ከሙስሊሟ ኢንዶኔዥያ እንዲመጣ ተደረገ፤ መሪዎቹ ራሳቸው ከፊት ቆሙ። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነጻ መሆኗ በነሐሴ 2020 ሲበሰር የመጨረሻዋ ናይጄሪያ ነበረች።

ፓኪስታን ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ቢን ላደንን ለማግኘት በአቦታባድ የሐሰት የሄፓታይተስ ክትባት ዘመቻ አስደርጓል። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ የፖሊዮ ከታቢዎች በጥይት መገደል ጀመሩ። ዋሽንግተን የክትባት ዘመቻን ለስለላ ላለመጠቀም ቃል የገባችው በ2014 ነው። «ከታቢዎቹ ሰላዮች ናቸው» የሚለው ወሬ ለአቦታባድ ነዋሪ አሉባልታ አልነበረም፤ ዜና ነበር።

እስራኤል ያሉ ኢትዮጵያውያንም ይህን ስሜት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ከእነሱ የተለገሰ ደም ኤች አይ ቪን በመፍራት በሥውር ይደፋ እንደነበር ጋዜጣ አጋለጠ። እጃቸውን ዘርግተው፣ «አመሰግናለሁ» ተብለው፣ ደማቸው ሳይነገራቸው ተጥሏል። ወደ 10 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ። 18 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2013፣ በሦስት ዓመቷ ወደ እስራኤል የገባችው የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በዚያው በምክር ቤቱ ደም ልትለግስ ስትል ኢትዮጵያ ተወልደሻል ተብላ ተመለሰች። ይህን ያየ ቤተሰብ ነገ መርፌ የያዘ ነጭ ጋዋን ሲመጣ ቢጠይቅ፣ ደግሞ ደጋግሞ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ካለማወቅ የመነጨ አይደለም። ከማወቅ ነው።

በሚኒሶታ የሚኖሩ ሶማሌዎች ታሪክ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከልጆቻቸው ከመቶ 92ቱ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ክትባት ይወስዱ ነበር፤ ከአካባቢው ሕዝብ የማያንስ ቁጥር ነው። በ2014 ወደ 42 ወረደ፤ በ2017 ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰዎች ታመሙ፣ አብዛኞቹም የሶማሌ ልጆች ነበሩ። በመካከሉ ምን ሆነ? ወላጆቹ ኦቲዝም በልጆቻቸው ላይ መብዛቱን አስተውለው ምክንያቱን ጠየቁ፤ አጥጋቢ መልስ የሰጣቸው አልነበረም። በተተወው ክፍት ቦታ አንድሩ ዌክፊልድ ገባ፤ ክትባቱን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የ1998ቱን ጽሑፍ በታወቀው በላንሴት መጽሔት ያሳተመ እንግሊዛዊ ሐኪም። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰርዞታል፤ ሰውዬው ግን ወላጆቹን መጥቶ አነጋገራቸው። ሐሰቱን የጻፈው ሐኪም፣ ያሳተመው የምሁራን መጽሔት ሆኖ ሳለ ካለማወቅ የተቆጠረው የስደተኛ እናቶች ጥያቄ መሆኑ ሊያሳፍር ይገባል።

ሃይማኖትና ባህል የክትባት ጠላት ናቸው የሚለውም ወቀሳ ቡታን ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ያቺ የሂማላያ አገር ክትባቱ ቀድሞ ደርሷት ሳለ ኮከብ ቆጣሪዎች መልካም ነው ያሉት ቀን እስኪደርስ ጠበቀች። በመጋቢት 2021 የመጀመሪያዋ ተከታቢ በዝንጀሮ ዓመት የተወለደች ሴት እንድትሆን ተመረጠች፤ የወጋቻትም በዚያው ዓመት የተወለደች ናት። ከዚያ በ16 ቀን ውስጥ ከአዋቂዎቿ ከመቶ 93ቱ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰዱ። መንግሥቱ እምነታቸውን ሊነቅል አልሞከረም፤ በእምነታቸው በር ገባ።

ኢትዮጵያም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። «ክትባት» እና በአንገት የሚታሰረው «ክታብ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ባላገሩ ከፈንጣጣ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን ይከትብ እንደነበር መዝግቧል። የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር፣ በጥር 1963 ዓ.ም.፣ በዚያው የፈረንጆች ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። የደጋው ገበሬ በአንዳንድ ቦታ አዲሱን መርፌ ተቃወመ፤ የራሱ ከታቢ ነበረውና። ከታቢዎቹ ግን በእግርና በበቅሎ መንደር ለመንደር ዞሩ፤ በሽታው የታየበትን ቦታ ከበው ከተቡ፤ አብዮት ፈነዳ፣ ሥራው አልቆመም። የመጨረሻው ታማሚ በኦጋዴን የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ከሕዝቡ አብዛኛው ፊደል ባልቆጠረበት፣ ሬዲዮ በብርቅ በሚገኝበት ዘመን ፈንጣጣ ከአገር ወጣ። ዕውቀት ቀድሞ መምጣት ያለበት ቢሆን ኖሮ ዛሬም ከእኛ ጋር በሆነ።

ከድንበሩ ማዶ፣ በሶማሊያ የወደብ ከተማ መርካ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 በዓለም በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻ ሰው አሊ ማው ማአሊን ይባል ነበር። ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ የሚሠራውም በሆስፒታል። ከፈንጣጣ ማጥፊያው ቡድን ጋር አልፎ አልፎ ከታቢ ሆኖም ሠርቷል። ስለ ክትባቱ ከእሱ የበለጠ «ግንዛቤ» የነበረው ሰው በከተማው ውስጥ ብዙ አልነበረም። ያልተከተበው መርፌው ያማል ብሎ ስለፈራ ነው። ዳነ። በኋለኛ ዕድሜው የፖሊዮ ዘመቻ ሠራተኛ ሆኖ ቤት ለቤት እየዞረ ለሚያመነቱ ወላጆች የራሱን ፍርሃትና ያስከፈለውን ነገር ይነግር ነበር። ፖሊዮ ሶማሊያ በተመለሰበት በ2013 በዚያው ሥራ ላይ እያለ በወባ ሞተ። ወላጆች በር የከፈቱለት ጎረቤታቸው ስለሆነ፣ እሱም ፈርቶ እንደነበር ስለማይደብቃቸው ነው።

ይህ ሁሉ መረጃ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሐሰተኛ ወሬ ይገድላል፤ ሊመለስለትም ይገባል። ግን መልስ የሚሆነው ተጠያቂ ያለበት ንግግር ነው፤ «ክትባቱ ትኩሳት ያመጣል፣ በሁለት ቀን ይለቃል፣ ካልለቀቀ እዚህ ነኝ፣ ነይ» የሚል። ኢትዮጵያ ይህን የሚሉ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሏት፤ አብዛኞቹ ከዚያው ቀበሌ የወጡ ሴቶች ናቸው። ለቀጣዩ ወረርሽኝ የሚበጀው ለቲሸርት የሚወጣውን ገንዘብ ለእነሱ የትራንስፖርት አበል፣ ለማቀዝቀዣና ለሁለት ልጅም የሚከፈት አነስተኛ ብልቃጥ ማዋል ነው። ያ ወረርሽኝ ሲመጣ ክትባቱን ከሌሎች ኋላ ላለመጠበቅ በአፍሪካ ማምረትን ማፋጠንም የዚያው ሥራ አካል ነው።

የሪፖርቱ ቅጽም ይቀየር። «እምቢ ያሉ» ከሚለው ዓምድ አጠገብ ሌሎች ዓምዶች ይጨመሩ፦ ብልቃጥ ስላልተከፈተ የተመለሱ፣ ሁለተኛው ዙር ስላልገባ የቀሩ፣ ጠይቀው መልስ ያላገኙ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር የተጓዙ። አፋር ውስጥ አንዲት እናት በቤቷ የክትባት ካርድ አስቀምጣለች። የመጀመሪያው ቦታ ተሞልቷል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባዶ ናቸው። ወረዳው ስለ እሷ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ከመጻፉ በፊት በቀጠሮዋ ቀን ጤና ኬላው ክፍት እንደነበር መዝገቡን ገልጦ ይይ።